እንየውና የተጋጣሚ ሚዛን

ባሌ እንየው አንድ ሰው አሸነፈ ሲባል ደስ አይለውም፤ ተሸነፈ ሲባልም አያዝንም። መጀመሪያ «ማንን?» ወይም «በማን?» ብሎ ይጠይቃል። ሳገባው እንዲህ ነበር። ከዚያ በፊትም እንዲህ እንደነበር እናቱ ነግረውኛል፤ የነገሩኝ ግን ካገባሁት በኋላ ነው።

የጎረቤታችን የማሬ ልጅ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ዳቦ ተቆርሶ ተጠራን። እንየው ዳቦውን እያኘከ ልጁን አጠገቡ አስቀመጠና ክፍሉ ውስጥ እነማን እንዳሉ ይጠይቀው ጀመር። ልጁ ሊመሰገን መስሎት በደስታ ስም ጠራ። እንየው እያንዳንዱ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀበሌ በእግሩ እንደሚመጣ፣ ቤቱ መብራት ይኑረው አይኑረው አጣራ። ሲጨርስ ጉርሻውን ዋጠና፣ ከሁሉም መብራት ያለው አንተ ብቻ ከሆንክ ታዲያ ማንን በልጠህ ነው አለው። ልጁ አለቀሰ። ማሬ ለብዙ ጊዜ አኮረፈች፤ እሱን ሳይሆን እኔን።

ወንድሙ የድንበር ክርክር ረትቶ ከፍርድ ቤት ሲመለስ ቤተ ዘመዱ ጠላ ጠምቆ ጠበቀው። እንየው ቀድሞ አጣርቶ ስለነበር፣ ተከራካሪው በዚያ ቀን ምስክሮቹ ለቅሶ ሄደውበት እንደነበር፣ ስለዚህም ይህ መርታት እንደ መርታት እንደማይቆጠር ጠላውን እየጠጣ አስረዳ። ወንድሙ መሬቱን ይዟል። እንየው ግን እስከ ዛሬ «ያ ገና ያልተለየለት መሬት» እያለ ይጠራዋል።

ቀብር ላይ እንኳ አይምርም። አንድ ሽማግሌ ሞተው ቄሱ ስለ ትዕግሥታቸው ሲናገሩ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ሚስታቸው የበግ ጠባይ እንዳላቸው አስታወሰኝና «በማን ላይ ታግሠው ነው?» አለኝ። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ። ሰው እያለቀስኩ መሰለው።

ከሁሉ የሚወደው ወሬ እኔን ያገባበት ነው። እሱ ሽማግሌ በላከ ጊዜ ሌላም ሰው ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። እውነቱ እንዲህ ነው፤ ያ ሰው የስማዳ በቅሎ ነጋዴ ነበር፣ በዕድሜም አባቴን ይበልጥ ነበር። አባቴ የከለከሉትም ለወሬ በመጣ ዕለት በቅሎው ክንዳቸውን ስለነከሰቻቸው ነው። እንየው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን ማንን አሸንፈህ አገባህ ቢባል በበቅሎ ስሕተት ማሸነፉ ስለማያምርለት፣ ሰውየውን በየዓመቱ ያሳድገዋል። መጀመሪያ ሀብታም ነጋዴ ነበር። ቀጥሎ የሰፊ መሬት ጌታ ሆነ። ባለፈው ፋሲካ የወረዳ አስተዳዳሪ ሆኖ ሰማሁት። እኔም አላርመውም። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ለዚያ ሠርግ ስለሆነ፣ ተወዳዳሪው ከፍ ሲል የኔም ነገር ትንሽ ከፍ ያለ ይመስለኛል።

እንየው ሥራው ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በግርጌ ጉና የሙያ ኮሌጅ ነው። ስቶር ይጠብቃል። አካፋ፣ መዶሻ፣ ወንበር፣ ጠመኔ የሚያወጣውና የሚያስገባው እሱ ነው። ኳሶቹም የሚቀመጡት ስቶር ውስጥ ነው። ኳስ የፈለገ ሁሉ ወደ እሱ ሲመጣ፣ ሲለምነው፣ ሲቆጣው፣ ቀስ በቀስ የኮሌጁ እግር ኳስ ቡድን የሱ ሆነ። ማንም አልሾመውም። አንድ ቀን ዲኑ እንግዳ ፊት «የቡድን መሪያችን» ብለው ጠሩት፤ በዚያው ቀረ። እሱ ራሱ ኳስ መትቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ወደ እሱ የተንከባለለችውን ሲመልስ አይቼዋለሁ፤ በእጁ አንስቶ፣ አቧራዋን ጠርጎ፣ ወስዶ ሰጣቸው።

እኔ ደግሞ ግቢው ውስጥ ያለውን ክበብ ይዣለሁ። ሻይ አፈላለሁ፣ ፓስቲ እጠብሳለሁ፣ ለምሳ ሽሮ እሠራለሁ። ቡድኑ ጨዋታ ሲኖረው የሚበላውን የማቀርበው፣ ማልያውንም የማጥበው እኔ ነኝ። ይህንንም ማንም አልሾመኝም።

በሰኔ ጡረታ ይወጣል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ፈለገ፤ ቡድን እየመራ ባሕር ዳር መግባት። የኮሌጆች ውድድር በየዓመቱ የሚያልቀው ባሕር ዳር ነው። ከኛ አካባቢ አራት ኮሌጆች እርስ በርስ ይጫወቱና አንዱ ይሄዳል፤ እኛ ከእስቴ፣ ሌሎቹ ከአርብ ገበያ፣ ከንፋስ መውጫና ከስማዳ ወገዳ። የኛ ቡድን አንድም ዓመት ሄዶ አያውቅም። ዘንድሮ ካልሄደ እንየው ሌላ ዘንድሮ የለውም። ይህን ለኔ አፍ አውጥቶ ነግሮኝ አያውቅም። ግን ባሕር ዳር የሠራን ሰው ባገኘ ቁጥር እዚያ ቀትር ላይ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ቡድን መሪ ኮት ይልበስ ወይስ ሸሚዝ ብቻ ይበቃው እንደሆነ ሲጠይቅ እሰማለሁ።

በጥቅምት ነው ነገሩ የከፋው። ደምሌ የሚባል ወጣት የኮምፒውተር መምህር አለ፤ ክበብ ተቀምጦ ስልኩ ላይ ኳስ ሲያይ እንየው በትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ አየበት። የአሜሪካ ኮሌጆች ኳስ ነበር። እኔም ብርጭቆ ሳነሣ አየሁት። ኳሷ እንቁላል ትመስላለች፣ ልጆቹ ታቅፈዋት ይሮጣሉ፣ ራሳቸው ላይ ድስት የመሰለ ነገር ደፍተዋል። እንየው ስለ ኳሷ ቅርጽም ስለ ድስቱም አልጠየቀም። ማን እየመራ እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ደምሌም እዚያ አገር ኮሌጆቹ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ሁሉም ከሁሉም ጋር መጫወት እንደማይችሉ ነገረው። ስለዚህ ስንት አሸነፉ ብቻ ሳይሆን እነማንን አሸነፉ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከጠንካሮች ጋር ተጫውቶ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን፣ ደካሞችን ብቻ እየመረጠ ሁሉንም ካሸነፈው ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን የሚያሰሉ ምሁራን አሉ አለው።

እንየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ፤ ለደምሌም ጭምር አዘዘ፤ ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። ቤት ስንገባ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ስለው የኖርኩት ነገር አሜሪካ ደርሷል አለኝ። እንዴት ሊደርስ እንደቻለ ግን አልነገረኝም።

ከዚያ በኋላ አገሩን ሁሉ ይመዝን ገባ። የኛ አገር ሚዛን ግን ከአሜሪካ ይከብዳል ይላል። እዚያ ጠንካራ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ጠንካራ ነው። እዚህ ቡድን እንደ ወሩ ነው። የወገዳ ልጆች በታኅሣሥ ውቂያ ሲደርስ ግማሾቹ አባታቸው አውድማ ላይ በሬ ሲነዱ ይሰነብታሉ፤ ለጨዋታ የሚመጣው ቤተሰቡ እህል የሌለው ወይም ከቤተሰቡ የተጣላ ነው። በጥር ደግሞ ጥምቀት አልፎ፣ እህሉ ጎተራ ገብቶ፣ ሁሉም ጠግቦ ይመጣል። ስለዚህ የታኅሣሥ ወገዳና የጥር ወገዳ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አንድ ቡድን አይደሉም ይላል። ይህን ለኔ ሽንኩርት ስከትፍ ብዙ ጊዜ ነግሮኛል። እኔ ደክሞኝ ስለነበር እሺ ብያለሁ።

ውድድሩ ተጀመረ፤ እንዳሰቡትም አልሄደም። አንዳንድ ቀን መንገድ ይዘጋል። በኛ አገር መንገድ ሲዘጋ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ መቼ ይከፈታል ነው የሚባለው። በዚህ ምክንያት እኛና አርብ ገበያዎች ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዘን ሁለቱንም ጊዜ ሳንገናኝ ቀረን። የቀረውን ሁሉም እንደምንም ተጫወተ። ሲያልቅ፣ ወገዳን በመንገዱ ምክንያት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ገጥመን፣ እኛም አሸንፈናል፣ አርብ ገበያም አሸንፏል። እኛም ከንፋስ መውጫ ጋር አንዴ አሸንፈን አንዴ ተሸንፈናል፣ እነሱም እንደዚያው። የጎሉ ቁጥር እንኳ እኩል ሆነ። ባሕር ዳር የሚሄደው ግን አንድ ነው።

መጋቢት ላይ፣ ሁዳዴ ገብቶ ሳለ፣ የውድድሩ ኮሚቴ እኛ ኮሌጅ ተሰበሰበ። ሐሙስ ነበር። ቡድኑ ቅዳሜ ባሕር ዳር ደርሶ መመዝገብ ስላለበት እኛና አርብ ገበያ ተጫውተን እንድንለያይ ጊዜ አልነበረም። ሰብሳቢው ንጋቱ የሚባል የንፋስ መውጫ መምህር ነው፤ የሱ ቡድን ስለወደቀ ለማንም አያዳላም ተብሎ ተመረጠ። አርብ ገበያን ወክለው የመጡት መሪጌታ ቻላቸው ናቸው። ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ በኋላ አስኳላ ገብተው አሁን ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ የሚያስተምሩ፣ ዝግ ያለ ድምፅ ያላቸው ሰው ናቸው። ከኛ ወገን ዲኑና እንየው ተቀመጡ። ደምሌ ስለ አሜሪካ ጥያቄ ቢነሣ ተብሎ ጥግ ላይ ተጎለተ። የቡድናችን ልጆች ከመስኮቱ ውጭ ተደርድረው ቆሙ። እኔ ሻይ ይዤ ገባሁ። መሪጌታ ሰዓቱ አልደረሰም ብለው ብርጭቆውን በትሕትና ገፋ አደረጉት። ዲኑ አንድ ጊዜ ፉት ብለው ስለነበር ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ ሻዩን አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆዩ።

ንጋቱ ደንቡን አነበበ። እኩል ከሆኑ ዕጣ ይወጣል ይላል። ወረቀቱን ሊቆርጥ ሲል እንየው እጁን አነሣ። ዕጣ ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ወር እንደተጫወተ የማያውቅ ነገር ነው አለ። ልጆች ዓመቱን ሙሉ የሮጡበትን ነገር በቆብ ውስጥ ጨምሮ መናጥ ለኮሌጅ አይመጥንም አለ። ሳይንሱ አለ አለ። ደምሌ ከጥጉ ራሱን ነቀነቀ። ንጋቱም ዕጣ አውጥቶ ከአንዱ ወገን ቂም ከሚያተርፍ በሳይንስ ቢያሳብብ እንደሚሻለው ገባው መሰለኝ፣ ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ ተቃውሞ የለኝም አለ። መሪጌታ ትንሽ አሰቡና፣ ሚዛኑ አስቀድሞ ይነገር፣ ከዚያ በኋላም ማንም አይለውጠው እንጂ እኔም እስማማለሁ አሉ።

እንየው ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ጠመኔ የያዘውን እጁን አየሁት፤ ሠርጋችን ቀን ቀለበት ሲያጠልቅልኝ እንደዚያ አልተጠነቀቀም። ሦስት መስመር ነበር። ተጋጣሚው ደክሞ አንተ ካልደከምክ ድሉ ባዶ ነው። ሁለታችሁም እኩል ከደከማችሁ ወይም ሁለታችሁም ከበረታችሁ ሙሉ አንድ ነው። በመካከል ከሆነ ግማሽ ነው። ሁሉም ፈረሙ። ዲኑ ከሁሉ ቀድመው ፈረሙ፤ እንየው ጠዋት ውጤቱን ነግሯቸው ነበር።

ከዚያ መዘነ። እኛ ወገዳን ያሸነፍነው በጥር ነው፤ ጠግበው፣ ሙሉ ሆነው መጥተው፤ አንድ። አርብ ገበያ ወገዳን ያሸነፈው በታኅሣሥ ነው፤ ልጆቹ አውድማ ላይ ሳሉ፣ በረኛቸው እንኳ የተማሪ ሳይሆን የአስተማሪ ወንድም ሆኖ፤ ባዶ። መሪጌታ ጣታቸውን ከፍ አደረጉ። ከአርብ ገበያ ልጆችም አንዳንዶቹ ውቂያ ላይ እንደነበሩ፣ ሌላው ይቅር የሳቸው የራሳቸው የወንድም ልጅ ከበሬ ኋላ እንደዋለ ተናገሩ። ንጋቱም ወሬውን እንደሰማ አረጋገጠ። እንየው ሚዛኑ ሚዛን ነው ብሎ ባዶውን ደመሰሰና ግማሽ ጻፈላቸው። ሲጽፍ እጁን አልከበደውም፤ ቸር መሆን የሚያምረው የሚያሸንፍ ሰው ነው። ቀጥሎ አርብ ገበያ ንፋስ መውጫን ያሸነፈበት ጨዋታ በገበያ ቀን እንደነበር አነሣ። ሜዳቸው ገበያው መንገድ ላይ ስለሆነ አህያ በመሃል ያልፋል፣ ባለሜዳዎቹ ደግሞ በአህያ መሃል መጫወት ለምደዋል አለ። ንጋቱ ግን አህዮቹ የንፋስ መውጫንም ጎል አንድ ጊዜ አድነዋል ብሎ መሰከረ። እንየው ይህንንም ተቀብሎ ሙሉ አንድ ጻፈ። በመጨረሻ እኛ ንፋስ መውጫን እዚሁ ሜዳችን ላይ ያሸነፍንበትን ጻፈ፤ አንድ።

ድምሩ እኛ ሁለት፣ እነሱ አንድ ተኩል ሆነ። ከመስኮቱ ውጭ ልጆቹ ተገፋፉ። ዲኑ የያዙትን ሻይ ቀስ ብለው ዋጡ። እንየው ጠመኔውን አስቀመጠና እጁን አራገፈ፤ ፊቱ ላይ ባሕር ዳር ይታይ ነበር።

«አቶ እንየው» አሉ መሪጌታ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ንፋስ መውጫን እዚህ የረታችሁት መቼ ነበር?»

«በየካቲት መግቢያ። ማክሰኞ።»

መሪጌታ ጣሪያውን እያዩ የጣታቸውን አንጓ ባውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ መለሱት።

«ነነዌ ነበራ» አሉ።

ነነዌ ከጾም ሁሉ ጠበቅ ያለች፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስባት ናት። ጨዋታው የተጀመረው በስምንት ሰዓት ነው። ንጋቱ ግንባሩን አሻሸና፣ የሱ ልጆች ጾመው እንደመጡ፣ አንዱ ተከላካያቸው ከዕረፍት በኋላ ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ዳኛውን ስንት ሰዓት ሆነ ብሎ እንደጠየቀ ተናገረ። እኔም ያንን ልጅ አስታውሰዋለሁ። ያን ቀን የሳቀ ሰው ብዙ ነበር።

«እንግዲህ እነሱ ደክመው ነበር» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «የእናንተዎቹም ጾመው ከሆነ እኩል ነው፣ ሙሉ ነው። እኔ ክርክር የለኝም። ጾመው ነበር?»

እዚህ ላይ ያንን ጠዋት ልናገር። እንየው በማለዳ ክበብ መጥቶ ድንችና ምስር በትልቁ ድስት ጣጂ ብሎኝ ነበር። ልጆቹን አራት ሰዓት ላይ በጓሮ በር አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ አበላቸው። አንዳንዶቹ ፈሩ። እሱ ግን ጾሙን አትፍቱት፣ ወደ ማታ አዙሩት፤ ጠዋት የበላችሁትን ማታ ባለመብላት ትመልሱታላችሁ አላቸው። አምበሉ ፀጋዬ ብቻ ነው ማታ ያልበላው። የቀሩት ማታም በልተዋል፤ ስላሸነፉ።

ወደ መሪጌታ ጥያቄ ልመለስ፤ ሁሉም እንየውን አየ። ዲኑ ጉሮሮአቸውን ጠርገው የኮሌጁ ተማሪዎች በሃይማኖታቸው የታወቁ መሆናቸውን ለሰብሳቢው አስገነዘቡ። ጾመዋል አላሉም፤ የታወቁ ናቸው አሉ። ደምሌ በአሜሪካ ጾም እንደማይቆጠር ሊያስረዳ ጀምሮ ተወው። ከመስኮቱ ውጭ ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ከልጆቹ የብዙዎቹ የንስሐ አባት ከመሪጌታ ጋር የተማሩ ናቸው። እንየው አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ጾመዋል ቢል ማን ይመሰክርበታል? እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ፤ እኔን የሚጠይቅ የለም።

ፊቱን አውቀዋለሁ። ሰው ሲዋሽ ዓይኑ ሰው ያያል። የሱ ዓይን ሰሌዳውን ነው ያየው። ሰብሳቢውን፣ ዲኑን፣ ልጆቹን ሁሉ ረስቶ የመጀመሪያዋን መስመር ያነባል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ያኔ ገባኝ፤ የሚያስበው ስለ እውነትና ስለ ውሸት አይደለም። ዕድሜ ልኩን በሌላ ሰው ላይ ሲያደርገው የኖረው ሒሳብ ዛሬ በራሱ ላይ ደርሶ፣ ልክ ሆኖ አገኘው።

«በልተዋል» አለ።

ተነሣ። የንፋስ መውጫውን አንድ በመዳፉ ደመሰሰ፤ ባዶ ጻፈ። እኛ አንድ፣ አርብ ገበያ አንድ ተኩል። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ዲኑ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም። ዞሮ ለኮሚቴው ይህ ጉዳይ ለሚዛኑ መልካም ምሳሌ መሆኑን፣ ያለ ሚዛኑ በዕጣ ቢሆን ኖሮ የተራቡ ልጆችን ያሸነፈ ቡድን ባሕር ዳር ሊሄድ ይችል እንደነበር ያስረዳ ጀመር። ደስ ብሎት ነበር። ጉንጩ ቀልቶ፣ አገጩ ላይ ጠመኔ ነክቶት፣ የሮብና የአርብ ጨዋታዎችም ለሚቀጥለው ዓመት ተለይተው እንዲታዩ ለመሪጌታ ሐሳብ አቀረበላቸው። መሪጌታ አንገታቸውን አቀርቅረው አዳመጡትና ሲወጡ ሁለት እጁን ያዙት። ያሉትን አልሰማሁም። ዲኑ ከክፍሉ ሲወጡ በሩን አልዘጉትም፤ ክፍት ትተውት ሄዱ፤ እሳቸው ሲናደዱ እንዲህ ናቸው።

ልጆቹ ስቶሩ በር ላይ ጠበቁን። ፀጋዬ ነበር የቀረበው። ከስማዳ ገጠር የመጣ፣ በቁመቱ ከሁሉም የሚበልጥ፣ ብየዳ የሚማር ልጅ ነው። በሰኔ ይመረቃል፤ ከዚያ ወደ አባቱ እርሻ መመለሱ ነው። ሲናገር አልተቆጣም፤ ብቻ ሊገባው የፈለገ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ዝም ቢሉስ ኖሮ?»

«ዝም ብል ትሄዱ ነበር» አለ እንየው። «ግን ማንን አሸንፋችሁ?»

«ማንንም ይሁን። እኔ ባሕር ዳርን አይቼው አላውቅም።»

ለማሬ ልጅ፣ ለወንድሙ፣ ለሞተ ሰው ሳይቀር መልስ የነበረው ሰው የስቶሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ያገላብጥ ጀመር። ልጁ መልስ እየጠበቀ ቆመ፤ በትዕግሥት ነው የቆመው። ከዚያ ኳሷን ከብብቱ አውጥቶ ሰጠው፤ ሌሎቹንም ይዞ ወደ መኝታቸው ሄደ። እንየው ኳሷን ስቶር አስገባ፤ ቆልፎ፣ መቆለፉን እየጎተተ አረጋገጠ፤ ደግሞ አረጋገጠ።

ነገሩ ሰፈር ሲደርስ ልጆቹ ሁሉ ስግደት ታዘዘባቸው ተባለ። ያበሰልኩት እኔ ስለሆንኩ ለኔም ደረሰኝ፤ የንስሐ አባቴ ከልጆቹ በዛ አድርገው ነው ያዘዙልኝ። ለእንየው ምን እንደታዘዘ አልነገረኝም። አርብ ገበያዎች ባሕር ዳር ገብተው በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸነፉ። እንየው በማን እንደተሸነፉ አልጠየቀም። ደምሌ ስልኩን ይዞ ሊነግረው ክበብ መጥቶ ነበር፤ እንየው ሻዩን ሳይጨርስ ሥራ አለኝ ብሎ ወጣ።

በዚያች ሐሙስ ግን፣ ስቶሩን ቆልፎ ወደ ቤት ስንሄድ፣ እኔ የብርጭቆ ቅርጫቱን አዝዬ ከኋላው ነበርኩ። መንገድ ላይ ብዙ ሰው ቆም ብሎ እንዴት ሆነ አለው፤ ለሁሉም አርብ ገበያ ይሄዳል ብቻ አለ። ድልድዩን ስንሻገር ፍጥነቱን ቀነሰና ጎኔ ሆነ። ቅርጫቱን ተቀበለኝ፤ ለምን እንደተቀበለኝ አልገባኝም፤ ከባድ አልነበረም።

«ዘርፌ» አለኝ፤ «አንቺስ ባሕር ዳርን አይተሻል?»

አብረን የኖርነው ስንት ዘመን ነው። የት የት እንደደረስኩ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

«የት አይቼ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ብርጭቆዎቹ እንዳይጋጩ ቅርጫቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እስከ ቤታችን ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ።